በኮምፒውተር ደጅ የቆሙ ሽማግሌዎች

ሰው በመሬት ይካሰሳል። በድንበር፣ በውርስ፣ በግጦሽ፣ የጎረቤት በቅሎ ገብታ ድንች በመርገጧ ይካሰሳል። እኔ የተከሰስኩት በሳጥን ነው። ያውም ምስማር በሌለው፣ በእጅ በማይዳሰስ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ በሚታይ ሳጥን! ነገሩን ለሰው ስነግር "ታዲያ ምን ቸገረህ? ይውሰዱት!" ይሉኛል። እናንተ ግን ታጋሾች ትመስላላችሁና ከሥሩ ላጫውታችሁ።

እንጅባራ ውስጥ አንዲት የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ጠባብ ናት። የፎቶ ኮፒው ክዳን ሲከፈት በሩ አይዘጋም፤ በሩ ሲዘጋ ክዳኑ አይከፈትም። በእንጅባራ ክረምት ደንበኛ የሚመጣው ወረቀት ለማባዛት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እጁን ማሽኑ ላይ ሊያሞቅም ነው። አንዳንዱ ወረቀቱን ረስቶ እጁን ብቻ ይዞ ይመጣል።

አንድ ቀን ዝናቡ ደንበኛውን ሁሉ ቤቱ ከቶብኝ ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት አለ አይደል? ስለ ዘንገና ሐይቅ ምን ይል ይሆን ብዬ ከፈትኩት። "ዘንገና በኢትዮጵያ የሚገኝ ሐይቅ ነው" ይላል። ከዚያ አራት ነጥብ። ከዚያ ምንም። ሚስቴ ይታይሽ የተወለደችው እዚያው ሐይቅ አፋፍ ላይ ነው። ዘንገናን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ማለፍ ማለት አማቴን በመንገድ አግኝቶ ከበቅሎ ሳይወርዱ ሰላም እንደ ማለት ነው። ወዮለት ያን ለሚያደርግ!

አማቴን ልንገራችሁ። አያ ጀምበሬ ይባላሉ፤ የዘንገና ገበሬ ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ከአማርኛ ሌላ አላውቅም። ይታይሽን ልጠይቅ ሽማግሌ ስልክ፣ አያ ጀምበሬ ሽማግሌዎቼን ከማለዳ እስከ ከብት መግቢያ ደጃቸው ላይ በዝናብ አቆሟቸው። ምክንያታቸው አጭር ነበር፤ "አገውኛ የማይሰማ አማች ምን ያደርግልኛል? እኔ በአማርኛ መሳደብ አይሆንልኝ። ስሰድበው በምን ይገባዋል?" ብለው ነው። በመጨረሻ ሰጡኝ፤ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። "አንተ የዳንግላው" ነበር የምባለው።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። መጻፍ ጀመርኩ፤ ስለ ዘንገና ጻፍኩ፤ ስለ ጎረቤቱ ሐይቅ ስለ ጥርባም ጻፍኩ። ጽሑፉ ሲረዝም ደግሞ መዋብ አማረው። በዚያ መዝገበ ዕውቀት ላይ "መለጠፊያ" የሚባል ነገር አለ። አንዴ ይሠራል፤ ከዚያ በየገጹ ጥግ እንደ ሳጥን ይለጠፋል፤ ውስጡ ወረዳው፣ ስፋቱ፣ ጥልቀቱ እየተባለ በመስመር በመስመር ይሞላል። ለሐይቅ የሚሆን መለጠፊያ ድሮም ነበረ። እኔ ግን የሰው ልብስ ተውሶ ሠርግ መሄድ ስለማልወድ የራሴን ሰፋሁ። በዞናችን ስም "የአዊ ሐይቅ መለጠፊያ" አልኩት። በድሮው ላይ የሌለች አንዲት መስመር አከልኩበት፤ "በአገሬው አንደበት" የምትል። በእርሷ ላይ አገሬው ሐይቁን፣ አፋፉን፣ መውረጃውን፣ ከብት የሚጠጣበትን ዳር በአገውኛ ምን ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጻፋል።

ስሞቹን የነገሩኝ አያ ጀምበሬ ናቸው። አንደኛው እናታቸው ከብት ሲያጠጡ የሚጠሩት የውኃ ዳር ስም ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍላችሁም፤ ገብታችሁ እዩት! በስልክ ከፍቼ ያሳየኋቸው ቀን ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጡ ቁጥር ፈረሳቸውን ከሱቄ ደጅ ያስራሉ፤ በበሩ ራሳቸውን ብቻ ያስገባሉ፤ "አሁንም አለች ወይ?" ይሉኛል።

"አለች፣ አያ።"

"ደግ" ይሉና ይሄዳሉ። ሰላምታችን ይኸው ሆነ።

አሁን ከሳሼን ላስተዋውቃችሁ። መለጠፊያ የሚሠራው በቅንፍ ነው። የከፈታችሁትን ያህል መዝጋት ነው። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ከፋች እንጂ ዘጊ አይደለሁም፤ ለጓዳው በር ይታይሽ ምስክሬ ናት። አንዲት ቅንፍ በረሳሁ ቁጥር ገጹ ይዘረገፋል፤ የጥርባ ወረዳ ከዘንገና ጥልቀት ጋር ይጋጫል፤ ጽሑፉ ከሳጥኑ ሾልኮ ሜዳ ይወጣል። እኔ ራሴን ይዤ ስጨነቅ፣ ለካ አንድ ሰው ገብቶ ቅንፌን ዘግቶልኝ ሄዷል። "ቀለም ቀንድ" በሚል ስም ነው የሚጽፈው። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ አላውቅም። አይሰድበኝም፤ አይመክረኝም፤ "ቅንፍ ተዘጋ" ብሎ ይሄዳል። እናቴ እንኳ ስንት ጊዜ "በር ዝጋ" ብላኝ ሰልችቷታል፤ ይህ ሰው አልሰለቸውም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ማለዳ በመለጠፊያዬ ላይ ማስታወቂያ የለጠፈው። "ይህ መለጠፊያ በሁለት ገጾች ላይ ብቻ ያገለግላል። ይሰረዝ ወይም ከሐይቅ መለጠፊያ ጋር ይዋሃድ ብዬ ለውይይት አቅርቤያለሁ" ይላል። ደሜ ፈላ። ቅንፌን ሲዘጋልኝ የኖረ ሰው ቤቴን ሊዘጋው!

እየፈላሁ ወደ ውይይቱ ገባሁ። ገብቼ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ። አንዱ "በታላቅ አክብሮት፣ ይሰረዝ" ይላል፤ ሌላው "የወንድሜን ሐሳብ እረዳለሁ፤ ሆኖም ይቆይ" ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም አመስግኖ ረጅም ማስረጃ ያቀርባል፤ ከዚያ ደግሞ ቀደም ብሎ ለጻፈው አንድ ቃል ይቅርታ ይጠይቃል። አበል የለ! ሻይ የለ! ውኃ በፕላስቲክ የለ! እኔ ስብሰባ አውቃለሁ፤ አበል ባለበት ስብሰባ እንኳ ሰው እንዲህ አይከባበርም። ማንም ለማያመሰግናቸው ሥራ፣ ስለ አንዲት ሳጥን፣ የራሳቸውን መብራትና የራሳቸውን ዓይን ያቃጥላሉ። እየተናደድኩ አደነቅኳቸው፤ እያደነቅኳቸው ተናደድኩ። "ይቆይ!!!" ብዬ በሦስት ቃለ አጋኖ ጻፍኩ። ቀለም ቀንድ ከሥር "ድምፅዎ ተሰምቷል፤ እባክዎ ምክንያቱን ቢያክሉልን" አለኝ። ምክንያት! የተቆጣ ሰው ምክንያት ከየት ያመጣል?

በገበያው ቀን አያ ጀምበሬ ራሳቸውን አስገቡ። "አሁንም አለች ወይ?"

"አለች..." አልኩ። ቃሏን ትንሽ ጎተትኳት።

ጉድ ፈላ። ሰውዬው የላም ሕመም ከአካሄዷ የሚያውቁ ናቸው። ፈረሳቸውን አስረው ገቡና "ምን ሁነሃል? ተናገር" አሉኝ። ተናገርኩ፤ ሳጥኗ ትሰረዝ የሚል ሰው መጥቷል አልኳቸው። ሳጥኗ ከሄደች ያቺ መስመርም አብራ እንደምትሄድ ገባቸው። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

"ሽማግሌ ላክህበት ወይ?"

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሦስት ሰዎች ደጃፌ ላይ ደርሰዋል። አያ ጀምበሬ፣ ጎረቤታቸው አያ ቸኮል፣ እና የነፍስ አባታቸው ቄስ ስማቸው። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ መስቀል፤ ምንም አልጎደለም። አያ ቸኮል ስማቸው ችኮላ ይሁን እንጂ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ከእንጅባራ ዳንግላ የሚያደርስ ጊዜ ይወስዳሉ።

"የሰውዬው ቤት ከወዴት ነው?" አሉ ቄሱ።

"አይታወቅም፣ አባ።"

"አገሩስ?"

"እሱም አይታወቅም። ኮምፒውተር ውስጥ ነው የምንገናኘው።"

"ደጅ የለውም?"

እዚህ ላይ ነው የኔ ሞኝነት። "የለውም" ብል ያበቃ ነበር። እኔ ግን ዐዋቂ መሆን አምሮኝ "ሰው መልእክት የሚተውለት የውይይት ገጽ አለው" አልኩ።

"እኮ እሱ ነው ደጁ" አሉ አያ ጀምበሬ። "በል አድርሰን።"

አደረስኳቸው። የቀለም ቀንድን የውይይት ገጽ ከፈትኩ፤ ሦስቱም ስክሪኑ ፊት ተሰልፈው ቆሙ። ቄስ ስማቸው መስቀላቸውን አወጡና የኮምፒውተሩን አራት ማዕዘን ባረኩት። አያ ጀምበሬ ቃል ሰጡ፤ እኔ ጻፍኩ።

"ይድረስ ለተከበሩ ለቀለም ቀንድ። እኛ ከዘንገና አፋፍ የመጣን ሽማግሌዎች ነን። ልጃችን አጥፍቶም ከሆነ ይማሩት።"

ጣቴ ቆመ። "ልጃችን" አሉኝ እኮ! ይታይሽን ከተሰጠሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። "ምን ትቆማለህ? ጻፍ!" አሉኝ፤ ጻፍኩ።

"ሳጥኗን አያጥፉብን። ውስጧ አንዲት መስመር አለች። በዚያች መስመር እናቶቻችን ከብት ሲያጠጡ የሚጠሯት የውኃ ዳር ስም አለች። ልጆቻችን ከተማ ገብተው አማርኛ ብቻ ሆነዋል፤ እኛ ስንሞት ስሟን የሚያውቅ የለም። ሰው ቢሞት ስሙ ይቀራል ይባላል፤ ስም ሲሞት ምን ይቀራል? ቁጭ በሉ እስኪሉን ድረስ አንቀመጥም።"

ላክሁት። ከዚያ ወንበር አቀረብኩ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አሉ አያ ጀምበሬ።

"መልሱ እስኪመጣ አረፍ በሉ ብዬ ነው።"

"ደጅ ቆሜ አልቀመጥም ብዬ የጻፍሁት በውሸት ነው ወይ?"

አልተቀመጡም። እነሱ ቆመው እኔ እንዴት ልቀመጥ? እኔም ቆምኩ። ፈተና ሊያባዛ የመጣ አስተማሪ ገባ፤ ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ከኋላው ማመልከቻ ልታጽፍ የመጣች ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ሰው በገባ ቁጥር ይቆማል፤ ለምን እንደቆመ የሚጠይቅ የለም፤ በወግ ያደገ ሰው አይጠይቅማ። በዚህ መካከል ገጹን ላድሰው ስል ኔትወርክ ጠፋ።

"ኔትወርክ ጠፍቷል፤ እስኪመጣ እንኳ ቁጭ በሉ" ብዬ ለመንኩ።

አያ ቸኮል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ... ባለቤቱ... በሩን ዘግቶ... ገበያ ቢሄድ..." እያሉ ሲጀምሩ አስተማሪው ፈተናውን ለከሰዓት አዛወረው። ፍሬ ነገሩ፣ ባለቤት ቢሄድ ሽማግሌ ደጅ ይጠብቃል እንጂ አይቀመጥም ነው።

ከመንገዱ ማዶ ሻይ የሚሸጡት እትዬ አንጓች በመስኮት አዩ። ሽማግሌ ቆሟል፤ ቄስ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። እትዬ አንጓች ለማስተዋል ጊዜ አላጠፉም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሁለት ጎረቤት አስከትለው መጡ።

"ማን ነው የሞተ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ። መለጠፊያ ሊሰረዝ ነው።"

"ምንም ይሁን፣ ነፍስ ይማር" አሉና ጥግ ይዘው ቆሙ።

ሱቋ ከአቅሟ በላይ ሆነች። አንዱ ባለባጃጅ በበሩ አንገቱን አስግጎ "ኔትወርክ ከሆነ ጉብታው ላይ፣ ባሕር ዛፉ ጋ ይሠራል" አለ። አያ ጀምበሬ "ደጁ ወዲያ ከሆነ እንሂድ" አሉ። ወጣን። ስልኬን ወደ ሰማይ አንሥቼ እኔ ከፊት፤ ቄሱ መስቀል ይዘው ከኋላዬ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች፤ ከዚያ ፈረሱ፤ ከዚያ አስተማሪው ያልተባዛ ፈተናውን ታቅፎ፤ ከዚያ እትዬ አንጓችና ሴቶቹ። ጭቃው ይዞን ቀስ ብለን ነው የምንራመድ። ባጃጆች ዘፈናቸውን አጠፉ። ድንች የጫነ ጋሪ ዳር ይዞ አሳለፈን። ሰዎች እየተከተሉ "ሬሳው የት አለ?" ሲባባሉ እሰማለሁ፤ አንዱ "ስልኩ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም" ሲል ሰማሁት። በእናት አባቴ ዘመን ከቤተሰቤ ማንም በዚህ ያህል አጀብ ተቀብሮ አያውቅም።

ጉብታው ላይ እንደደረስን ስልኬ ነቃ፤ መልሱም ተግተልትሎ ገባ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። የመጀመሪያው የተጻፈው መልእክታችን ከተላከ ትንሽ ቆይቶ፣ ገና እኛ ሱቅ ሳለን ነበር።

"አባቶቼ፣ በእግዚአብሔር ተቀመጡ! እናንተ ቆማችሁ እኔ ተቀምጬ ልጽፍ አልችልም፤ ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው።"

ቀጥሎ ሌላ አለ። "አባቶቼ፣ ተቀመጣችሁ ወይ? መልስ አጣሁ።"

ቀጥሎ ሌላ። "አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ቃል በሉኝ። እኔ አሁንም ቆሜያለሁ።"

አስቡት እንግዲህ! የት አገር እንደሆነ በማናውቀው ቤት፣ የማናውቀው ሰው፣ ለማያውቃቸው ሦስት ሽማግሌዎች ክብር፣ ጠዋቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሟል። እኔ ለራሴ አማት እንኳ የዚያን ያህል ቆሜ አላውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለምን እደብቃለሁ።

"ምን ታፈጣለህ!" ጮኹ አያ ጀምበሬ። "ተቀምጠናል በለው! የሰው ልጅ ቆሟል እኮ!" ብለው እርጥቡ ሣር ላይ ዘፍ አሉ። አጀቡ ሁሉ አብሮ ተቀመጠ። "ተቀምጠናል፤ እርስዎም ይቀመጡ" ብዬ ላክሁ።

ከዚያ ረጅሙ መልስ መጣ። ቀለም ቀንድ የጻፈው በራሱ ደጅ ላይ ሳይሆን በውይይቱ አደባባይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ነው። "ተሳስቻለሁ" ብሎ ነው የሚጀምር። ኢንተርኔት ላይ "ተሳስቻለሁ" የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሳጥን ሁሉ አንድ መስሎኝ ነበር፤ የመስመሯ ጥቅም አልገባኝም ነበር ይላል። ከዚያ ሐሳብ ያቀርባል፤ መስመሯ ለሁለት ሐይቅ ብቻ ታንሳለችና ወደ ትልቁ የሐይቅ መለጠፊያ ትግባ፤ የአገሪቱ ሐይቅ ሁሉ "በአገሬው አንደበት" የምትል መስመር ይኑረው፤ ትንሿ ሳጥን ግን ከዚያ በኋላ ትዋሃድ። "አባቶች ከፈቀዱልኝ" ብሎ ይጨርሳል።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ከእኔ ቀድሞ ገባቸው። ለዕርቅ መጥተው ለካ ጋብቻ ሆኗል!

"ከገባች ወዲያ ትበደላለች ወይ?" ጠየቁ ቄስ ስማቸው።

"አትበደልም፤ ስሞቹ እንዳሉ ነው የሚገቡ።"

"ቤቷስ?"

"የኔ ሳጥን ይፈርሳል፤ እሷ ግን ትልቅ ቤት ትገባለች።"

አያ ቸኮል "ልጅ... ስትዳር..." ብለው ሲጀምሩ፣ አያ ጀምበሬ "ፈቅደናል በለው" አሉኝ። ፈቅደናል አልኩት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እትዬ አንጓች ነጠላቸውን ወደ ደስታ አዞሩት። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ሲያደርጉ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነበር።

ሰው ሲበተን አያ ጀምበሬ አልተነሡም። ሐይቁ ባለበት አቅጣጫ ሲያዩ ቆዩና "ያን ጊዜ..." አሉኝ፣ "ያንተ ሽማግሌዎች እኔ ደጅ... ዝናብ ነበር ወይ?"

"አወ፣ አያ፤ ነበር።"

"ይኼ የማናውቀው ሰው ወዲያው ነው ተቀመጡ ያለን።"

የጋቢያቸውን ጫፍ ሣሩ ላይ ዘረጉልኝ። "ተቀመጥ፣ ልጄ" አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ሳጥኔ ከጥቂት ቀን በኋላ ተዋሃደች። ከመዝገበ ዕውቀቱ አስተዳዳሪዎች አንዱ፣ በአንድ የመጻፊያ ስም የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ የየራሳቸውን ቢያወጡ ደስ ይለናል የሚል ማስታወሻ በጨዋ ቃል ተወልኝ። ቅንፍ መርሳት አልተውኩም፤ ቀለም ቀንድም መዝጋት አልተወም።

ባለፈው ገበያ አያ ጀምበሬ ራሳቸውን አስገቡ። "አለች ወይ?"

"አለች፣ አያ። አሁን በሁሉም ሐይቅ ላይ አለች" ብዬ ወንበር አቀረብኩላቸው። ተቀመጡ። ይኸው እያልኩ አንድ በአንድ ከፈትኩላቸው። የዘንገናው ተሞልቷል፤ የጥርባው ተሞልቷል። የሌላው ባዶ። የሚቀጥለውም ባዶ። "በአገሬው አንደበት" ይላል፤ ከፊቱ ምንም የለም።

"እነዚህ ሐይቆች" አሉ አያ ጀምበሬ፣ "ሽማግሌ የላቸውም ወይ?"

ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ከወንበሩ ተነሡና ስክሪኑ ፊት ቆሙ።

"ጻፍ" አሉኝ።